ስምንተኛው ጫማ

ዘመናትን የሚሰፍር፣ እርሱ ግን የማይሰፈር አምላክ የዚህን ነገር መጀመሪያና መጨረሻ ያውቀዋል። እኔ የማውቀው መካከሉን ብቻ ነው፤ እርሱንም አጥርቼ አላየሁትም። በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ፤ ፍቺውን ለባለቤቱ ትቼ።

ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈ ቦይ አለ። ውሃው በተራ ይጠጣል። ተራው በደረሰበት ቀን ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት የደብራችን የማንጎና የሙዝ አትክልት ይጠጣል፤ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ፀሐይ መግቢያ ደግሞ የጎረቤታችን የሳልህ ሽንኩርት። ሰዓቱን የማስታውቀው እኔ ነኝ፤ የደብሩ መሪጌታ ትንሣኤ።

አንድ ጊዜ ተራው በእጅ ሰዓት ይሁን ተብሎ ነበር። ወር ሳይሞላ የሁሉም ሰዓት ወደየባለቤቱ ማሳ ማድላት ጀመረ፤ የአንዱ ቀደመ፣ የሌላው ዘገየ፣ በመጨረሻም ሰው በአካፋ ተፈነከተ። ያን ጊዜ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሽማግሎች ተቀምጠው «ጥላ ጉቦ አይበላም» አሉና ወደ አባቶች ልማድ ተመለስን። ሰፋሪው ገላጣ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የራሱ ጥላ ጫፍ ያረፈበትን ጠጠር በዓይኑ ይይዛል፤ ከዚያም ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ እስከ ጠጠሩ ይራመዳል። በየካቲት ወር ጥላው ስምንት ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ሰፋሪው ረጅም ቢሆንም አጭር ቢሆንም ልዩነት የለውም፤ ረጅም ሰው እግሩም ረጅም ነውና። ስምንቱ ሲሞላ የድንጋዩን ደወል ሦስት ጊዜ እመታለሁ፤ ወደ ደብሩ አትክልት የሚገባው የቦይ አፍ በጭቃ ይደፈንና ውሃው ወደ ሳልህ ይለቀቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሰፈርሁ።

በዚያ ሳምንት ሳልህ መሬቱን ሊሰጥ መሆኑን ሰማሁ። ከእኛ በላይ በወንዙ ዳር አንድ ባለሀብት በሞተር ውሃ እየሳበ በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር የሚጫን ፎሶሊያ ያመርታል። ሳልህ የአባቱን ማሳ ለአሥር ዓመት በኮንትራት ሊሰጠው ነው፤ ሰኞ ይፈርማል። በገበያ መንገድ አግኝቼ ጠየቅሁት።

«ሳልህ፣ ምን ነካህ?»

«ውሃው አነሰ፣ መሪጌታ። ሽንኩርቱ ሳይደርስ ይጠወልጋል። ሌላ ምን አለ?» አለኝ። ይህን ሲል ዓይኑን ከእግሬ ሥር ካለው መሬት ላይ አላነሣም። ያፈረ መሰለኝ።

በዚሁ ሰሞን ራሔል መጣች። ሆቴል ያላት የእቴነሽ ልጅ ናት፤ በአዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። ትምህርቷ የድኅረ ቅኝ ግዛት ጥናት እንደሚባል ስትነግረኝ ተገረምሁ።

«ታዲያ እኛ ዘንድ ምን አመጣሽ? የተገዙት ሌሎች ናቸው።»

«ድሮ ጥናቱ ገዢው በተገዢው ቋንቋና ልቡና ላይ ያደረሰውን ነበር የሚመረምረው» አለች። «አሁን መምህሮቻችን ይህ ብቻውን አይበቃም ይላሉ። ዓለም አንድ ገበያ ሆናለች። ሩቅ አገር የሚጨስ ጭስ የእኛን ዝናብ ያዛባል፤ የሩቅ ሰው ምሳ የእኛን ወንዝ ይጠጣል። ስለዚህ ወንዙም ዛፉም ይጠየቅ ነው የሚሉት።»

«ባንዲራ የሌለው ገዢ በምን ይታወቃል?»

«እሱን ነው የማጠናው።»

«አላወቅሽውም ማለት ነው።»

ሣቀች። «ገና ነኝ፣ መሪጌታ። ግን ምስክር አግኝቻለሁ። ጋሼ ሳልህን። ከአራት ዓመት ወዲህ ውሃቸው ቀንሷል፤ የፎሶሊያው እርሻም የተከፈተው ያኔ ነው።»

ነገሩ እውነት ይመስላል። እኔ ግን ውሃ ሲያንስ ኃጢአታችን ነው እያልሁ ነበር የማስተምረው። የሩቅ ሰው ምሳ በእኔ ኃጢአት ውስጥ ይግባ ወይስ እኔ በእሱ ውስጥ ልግባ፣ መለየት አቃተኝ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ልማዱን ላሳያት ወደ ሜዳው ወጣን። እሷም ጫማዋን አውልቃ ከጎኔ ቆመች። ሰፈርሁ፤ ስድስት ጫማ ተኩል ሆነ።

«ገና ነው» አልኋት።

«የእኔ ስምንት ሞልቷል።»

«አላወቅሽበትም። ተረከዝና ጣት ይገናኙ እንጂ።»

ደግማ ሰፈረች፤ ስምንት። ሦስተኛ ስትሰፍር ከስምንት አለፈ። ያን ጊዜ ከታች ከመስጊዱ የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት አዛን ተሰማ።

«እነዚህ ደግሞ ከጥቂት ዓመት ወዲህ ይቸኩላሉ» አልሁ። «ድሮ እኔ ከደወልሁ በኋላ ነበር የሚሰማው።»

ራሔል ግን ሁለቱን ጥላዎች ነበር የምታየው። የእሷ እንደ ዘንግ ተዘርግቷል፤ የእኔ እንደ ማጭድ ታጥፎ ከአጠገቧ ቀርቷል።

«መሪጌታ፣ እስቲ ቀና ይበሉ» አለች ቀስ ብላ።

ቀና ልል ሞከርሁ። አልሆነልኝም። ቀና ብዬ እንደምቆም እርግጠኛ ነበርሁ፤ ነገር ግን ሰማዩን ለማየት አንገቴን ወደ ጎን ማዞር እንዳለብኝ ያን ዕለት አስተዋልሁ። ረጅም ሰው ረጅም እግር አለው፤ የጎበጠ ሰው ግን ቁመቱ ሲያጥር እግሩ አብሮ አያጥርም። ይህን መምህሬ አላስተማረኝም፤ እርሱ ሳይጎብጥ በወጣትነቱ ነው ያረፈው።

እጄ ወዲያው ወደ ደወሉ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። የራሴ ስምንተኛ ጫማ እስኪሞላ ቆሜ ጠበቅሁና ደወልሁ። ለምን እንደጠበቅሁ ዛሬም አላውቅም። ራሔል የእጅ ሰዓቷን አየች። ከእሷ ስምንት እስከ እኔ ስምንት ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ውሃው ወደ ደብሩ ሙዝ ይፈስስ ነበር።

«ይህን በየትኛው ምዕራፍ ላስገባው?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለደብተሯ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሳልህ ቤት ወረድሁ። ባለቤቱ ሙሚና በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ይግቡ መሪጌታ። ለጾመኛ ምን ይሰጣል? ውሃ እንዳልሰጥዎ ውሃው ያለው እናንተ ጋ ነው።»

«ተይ ሙሚና» አለ ሳልህ ከውስጥ።

ተቀመጥሁ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት መግቢያ ጠፋኝ፤ እንዲሁ ተናገርሁት። «ሳልህ፣ ደወሌ ይዘገያል። ጀርባዬ ጎብጦ ጥላዬ አጥሯል። ከተራህ ግማሽ ሰዓት ያህል ስንወስድብህ ኖረናል።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አዛኑ ደወልዎን ከቀደመ ጀምሮ። አራተኛ ዓመቱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«መሪጌታን ጎብጠዋል ብዬ? ወላሂ በምን አፌ?» አለ። «ደግሞ ጥላ ጉቦ አይበላም ካሉት አንዱ አባቴ ነው። ደወሉ ተሳሳተ ካልሁ ነገ ሁሉም ሰዓቱን ይዞ ይመጣል። ሰዓቱን ብቻ አይደለም፣ አካፋውንም።»

«ከዚህ መሬትህን መስጠት ተሻለህ?»

«መሬት ይመለሳል ብዬ ነዋ። በአሥር ዓመት።»

«በአሥር ዓመትማ» አለች ሙሚና፣ «መሪጌታ ሲሰፍሩ ግንባራቸው ጠጠሩን ይነካዋል።»

ሳልህ በድንጋጤ አያት። እኔ ግን ሣቅሁ፤ ሣቄን ሲያይ እሱም ተከተለኝ። «ክርስቲያኖቹንስ?» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ሆነ እስኪባል የሚጾሙትን አራት ዓመት ሙሉ ግማሽ ሰዓት አስርበዋቸዋል። ካሣው ከእነሱ ይጀምር።»

ሰኞ ተራችን ነበር። በሜዳው ላይ መቋሚያዬን ቀጥ አድርጌ ተከልሁ፤ እንጨት እንደ ሰው አይጎብጥም። የሰው ጥላ ስምንት ጫማ ሲሞላ የመቋሚያው ጥላ ምን ያህል እንደሚሆን ራሔል አስልታ ልኩን በገመድ አወጣች። ለተሰበሰቡት ሰዎች ጥፋቱን በራሴ አንደበት ተናገርሁ። ማንም አካፋ አላነሣም፤ አንድ ሁለቱ መሬት መሬት አዩ፤ እነሱም ሲያውቁ እንደኖሩ ገባኝ። የገመዱ ጫፍ ከጥላው ጫፍ ሲገጥም ደወልሁ። ጥቂት ቆይቶ አዛኑ ተከተለ፤ እንደ ድሮው።

ሳልህ በዚያን ዕለት ሊፈርም አልሄደም። አካፋውን ይዞ ውሃውን እየመራ ከትልም ወደ ትልም ይሻገር ነበር። እኔም ከዳር ቆሜ አየሁ። ውሃው ለወትሮው ደርቀው የሚቀሩትን አራት ትልሞች አረሰረሰ። ፀሐይ ስትገባ ግን መጨረሻ ላይ ያሉት ስድስት ትልሞች እንደ ደረቁ ነበሩ። በአባቱ ዘመን የዚህ ሰዓት ውሃ እስከ አጥሩ ይደርስ ነበር።

«አራቱ የእኔ ናቸው» አልሁት። «ስድስቱስ የማን ናቸው?»

ሳልህ ወደ ላይ፣ ሞተሩ ወደሚሰማበት ተመለከተ፤ ከዚያ ዝናብ ወደሌለበት ሰማይ። «እኔ እንጃ» አለ። «ይህን ሽንኩርት ላድርሰውና ኢንሻአላህ ያኔ አስባለሁ። መሬቱ እስከዚያ እዚሁ ነው።»

ራሔል የጻፈችውን ምዕራፍ ቀድዳ ጣለችው። አዲሱ ላይ ስድስቱን ትልም ለሩቁ ገበያና ለጭሱ፣ አራቱን ለእኔ ጀርባ ሰጠች። መምህሯ ግን አራቱን አውጪያቸው እንዳላት ጻፈችልኝ፤ ከጥናቱ ጋር አይሄዱም ብሏታል። እኔ ደግሞ በስብከቴ ስለ ስድስቱ ምን እንደምል አላውቅም። ንስሓ ልግባባቸው ብል በእጄ አላጠፋኋቸውም፤ ልተዋቸው ብል ከዓይኔ አይጠፉም። መቋሚያው አሁንም በሜዳው ተተክሏል፤ እኔም ለማኅሌት ሌላ አስቀርጫለሁ።

ይህን የምታነብቡ ሁሉ፣ በየቤታችሁ ደጃፍ የሚያልፈው ውሃ እስከ አጥራችሁ ይድረስ። በመካከላችሁ ያለ ሽማግሌ ሲጎብጥ የሚነግረው የዋህ አንደበት፣ ሲነገረውም የሚሰማ ጆሮ በቤታችሁ አይጥፋ። የማታውቁትን የሚያውቅ አምላክ ልጆቻችሁን በጥላው ይጋርዳቸው፤ አሜን።