ሃያ ሁለት ደረጃ

ፕላኑን ያየሁት በሰኔ መጀመሪያ፣ በ2004 ዓ.ም. ነው። አቶ ዘገየ በሐጂ ሰዲቅ ሱቅ ጓሮ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ማዕዘኖቹን በለስላሳ ጠርሙስ አስያዙት። አረጋውያንና የአካባቢው ሕዝብ በጋራ የሚጠቀሙበት የመዝናኛ ማዕከል ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ። ምድር ቤቱ ላይ ካፌ፣ የፑል ክፍልና ኳስ ማሳያ አዳራሽ አለ። "የአረጋውያን ክፍል" የሚለውን ጽሑፍ ፈልጌ ያገኘሁት ፎቁ ላይ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ጎን ነው።

"ሽማግሌዎቹ በምን ይወጣሉ?" አልኩ።

"በደረጃ ነዋ፣ ወይዘሮ ሲንቄ። ሃያ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። ደግሞ ነፋሻ ነው፤ እዚያ ሆነው አምቦን በሙሉ ያያሉ።"

"አምቦን ሰባ ዓመት አይተዋታል።"

አቶ ዘገየ ገንዘቡን የሰጠው ድርጅት የላከልን አስተባባሪ፣ የኮሚቴያችንም ሰብሳቢ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ምድር ቤቱ ቢከራይ ማዕከሉ ራሱን ይችላል ብለው ያምናሉ፤ ስሌታቸውም ስሕተት የለበትም። ቦታው ግን የዕድራችን ነው። የድንኳንና የአግዳሚ ወንበር መጋዘናችንን አፍርሰን የሰጠነው፣ ቀብር በሌለበት ቀንም የምንገናኝበት ቤት እንዲኖረን ብለን ነው።

ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው። ከዕድሩ ኦቦ ሆርዶፋ፣ ሐጂ ሰዲቅና እኔ፤ ከወጣቶች ሁለት፤ ከነጋዴዎች አንድ፤ ከዚያ ሰብሳቢው። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ስላስተማርኩ ጽሕፈቷ ይነበባል ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ። ቀላል ሥራ ነው። ቃለ ጉባኤ በእኛ ዘንድ ከስብሰባው በፊት ተጽፎ ያልቃል። አቶ ዘገየ ረቂቁን በኮምፒውተር አስጽፈው ያመጣሉ፣ መጨረሻው ሁልጊዜ "በሙሉ ድምፅ ተስማምተን ፈርመናል" ይላል፣ እኔ መዝገቡ ላይ እገለብጠዋለሁ። የዚያን ቀኑን አልገለበጥኩም።

ከሳምንት በኋላ አቶ ዘገየ ቤቴ መጡ። ግድግዳው ላይ ያለውን የባለቤቴን ፎቶግራፍ ቀና ብለው አዩ። ጋሮማ የዕድሩ ዳኛ ነበር፤ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

"አዳራሹን በእሳቸው ስም ብንሰይመውስ?" አሉ። "በሩ ላይ በትልቁ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። ብቻ ፕላኑ እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልጸደቀ ገንዘቡ ተመላሽ ነው። ያኔ አዳራሽም የለ፣ ስምም የለ።"

"የትኛውን አዳራሽ?"

"ኳስ ማሳያውን።"

ጋሮማ ኳስ አይወድም ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው፤ ያሰብኩት ግን ሌላ ነገር ነው። በመጨረሻው ዓመት የሚያክመው ሐኪም ክፍል ፎቅ ላይ ነበር። አራት ሰዎች በወንበር ተሸክመው ሲያወጡት ዐይኑን ይጨፍን ነበር። ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ስብሰባ ተጠራ። አቶ ዘገየ ፕላኑን በፕሮጀክተር ለማሳየት ስለፈለጉ፣ በሱቁ ጓሮ መሰብሰባችን ቀርቶ አንድ ሕንፃ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራዩ። ዝናቡ ከባድ ነበር። አምስት ሰው ሆነን ተቀምጠን፣ ፕላኑን የሠራችው ጃለኔ ገመድ ስትቀጥል፣ ከታች ድምፅ ተሰማ።

"አዴ ሲንቄ! እኛ እዚህ ነን!"

ወጥቼ ቁልቁል አየሁ። ኦቦ ሆርዶፋ ከዘራቸውን አቅፈው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጉልበታቸው አልቋል። አስም ያለባቸው ሐጂ ሰዲቅ አጠገባቸው ግድግዳ ተደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

አቶ ዘገየ ሰዓታቸውን አዩ። "አምስት ሰው ሞልቷል፤ በደንቡ መቀጠል እንችላለን። ካልሆነም ልጆቹ በወንበር ተሸክመው ያውጧቸው።"

ከወጣቶቹ አንዱ፣ ቶኩማ፣ በቅንነት ወንበር አንሥቶ ወረደ።

"ላኪ! አልፈልግም!" አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። "እኔ ታቦት ነኝ በሸክም የምወጣው?"

"እኔም ጆንያ አይደለሁም" አሉ ሐጂ ሰዲቅ እየሳሉ። "ጆንያ ሳሸክም ነው የኖርኩት።"

መዝገቡን ዘግቼ ብብቴ ውስጥ አደረግኩ።

"ወዴት ነው ወይዘሮ ሲንቄ?"

"ወደ ስብሰባው።"

"ስብሰባው እኮ እዚህ ነው!"

"እኔ ከወረድኩ እዚህ የምትቀሩት አራት ናችሁ። ደንቡ አምስት ይላል።"

ወርጄ ከኦቦ ሆርዶፋ ጎን ተቀመጥኩ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። አቶ ዘገየ ከላይ የደረጃውን ብረት ይዘው አጎነበሱ።

"ነገ ሰኔ ሠላሳ ነው! ገንዘቡ ቢመለስ ለሕዝቡ ምን ይሉታል?"

"ለሽማግሌዎች ብለው ያመጡትን ቤት ሽማግሌዎች አይገቡበትም ነበር እላለሁ።"

"የባለቤትዎ ስምስ?"

"የባለቤቴን ስም እኔ ይዤዋለሁ። በር አያስፈልገውም።"

ፈርቼ ነበር። መጋዘኑ ፈርሷል፤ ገንዘቡ ከሄደ የሚቀረን ጭቃ ብቻ ነው፤ ያን ያደረገችው ሲንቄ ናት እየተባለ ይኖራል። ኦቦ ሆርዶፋ ዞር ብለው አዩኝና "ይመለስ!" አሉ ጮክ ብለው፣ ፎቁ እንዲሰማ። "ሰባ ስምንት ዓመት ያለ ፑል ኖሬያለሁ።"

መጀመሪያ የወረደችው ጃለኔ ናት፤ ፕላኑን ጠቅልላ ይዛለች። ተማሪዬ ነበረች። "ቲቸር፣ የምድር ቤቱን ክፍል መቀየር ይቻላል" አለች በዝግታ። "ምሰሶ አይነካም። የተነገረኝን ነው የሣልኩት።" ከዚያ የነጋዴዎቹ ተወካይና ሁለተኛው ወጣት ወረዱ። አቶ ዘገየ ፕሮጀክተሩን አጥፍተው በመጨረሻ መጡ፤ ቶኩማ ያወረደውን ወንበር ሰጣቸው።

"ፑሉስ?" አለ ቶኩማ።

"ፑሉ ፎቅ ይውጣ። አንተ ጉልበት አለህ አይደል?" አሉ ኦቦ ሆርዶፋ።

"ጠረጴዛው ከባድ ነው እኮ፣ አባባ።"

"እኔስ ቀላል ነበርኩ ልትሸከመኝ የመጣኸው?"

ቶኩማ ራሱ ሳቀ። "ፎቅ ላይ ማን ይከራየዋል?" አሉ አቶ ዘገየ። ልጁ ግን "ፑል ከሆነ ሰማይ ላይም እንወጣለን" አላቸው።

ጃለኔ ፕላኑን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በቀይ እስክሪፕቶ የፑሉን ክፍል ሰረዘች፤ የአረጋውያን ክፍል ብላ ጻፈች፤ ወደ መንገዱ በር ከፈተችለት። ሐጂ ሰዲቅ ጎንበስ ብለው አዩና "ሽንት ቤቱስ?" አሉ። እሱም ፎቅ ላይ ነበር። እሱም ወረደ።

ስድስት እጅ ተነሣ። አቶ ዘገየ እጃቸውን አላነሡም።

"የልዩነት ሐሳብዎን ልጻፍ?" አልኳቸው።

እስከዚያ ቀን ይህን ማንም ጠይቋቸው የሚያውቅ አይመስልም። "ኪራዩ ይቀንሳል ብዬ ነው። ይጻፉት" አሉ።

ጻፍኩት፤ ስድስት ለአንድ። የመሰየሙን ጉዳይ ማንም አላነሣም።

"ቦታውን ግን የኮሚቴው ስብሰባ ክፍል ይበሉ፣ እባክዎ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ድርጅቱ ያነበዋል።"

ከቀኑ ቀጥሎ "ቦታ፦ ደረጃ ሥር፤ ከአባላቱ ሁለቱ መውጣት ስላልቻሉ" ብዬ ጻፍኩና መዝገቡን እንዲፈርሙ አዞርኩላቸው።

"ያንብበው" አልኩ።