ለትራፊክ የታዘዘች እግር

ያለፈው ከእርሱ የማይሰወር፣ የሚመጣውም የማይዘገይበት፣ ሰው በችኮላ የሚያባክናትን እያንዳንዷን ቅጽበት በመዳፉ የያዘ አምላክ የዚህን ነገር እውነት ያውቃል። እኛ የምናውቀው የታየውንና የተሰማውን ብቻ ነው፤ ያንንም አምላክ በፈቀደልን መጠን እንናገራለን።

ምስጋናው ከሐይቅ ውጫሌ ሚኒባስ የሚነዳ፣ እናቱን ተሾመችን የሚጦር፣ ስለቱን የማያጓድል ወጣት ነበር። ፍጥነቱ ግን በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። ተሳፋሪዎች፣ “ከምስጋናው ጋር የተሳፈረ ሐይቅ ላይ የጀመረውን አቡነ ዘበሰማያት ‘አሜን’ ሳይል ውጫሌ ይወርዳል” እያሉ ይስቁበታል፤ እየሳቁም ይሳፈራሉ። ቶሎ መድረስን ማን ይጠላል? ከመስተዋቱ በላይ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅሎ ከሥሯ “ጠባቂዬ” ብሎ አጽፎ ነበር፤ ጠባቂ ያለው ሰው መጠንቀቅ የማይገባው ይመስል።

የግሸን በዓል በደረሰበት ሰሞን ምእመናንን አድርሶ ባዶ መኪናውን ወደ ሐይቅ ሲመልስ፣ የባድሩን ልጅ ሳጂዳን ገጭቶ ገደለ። ባድሩ አስፋልቱ ማሳውን ለሁለት የከፈለበት ገበሬ ነው፤ ቤቱ ከመንገዱ በታች፣ ጤፉ ከመንገዱ በላይ ነው። ሳጂዳ የአባቷን ምሳ ይዛ ስትሻገር ነበር። ምስጋናው አልሸሸም። በእጁ አንሥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይዟት ከነፈ፤ ነፍሷ ግን በመንገድ ወጣች። ሕግ ያዘው፤ ኋላም በዋስ ለቀቀው። የፍርዱን ቀጠሮ እየጠበቀ ሳለ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ደሙን ለማድረቅ ቀን ቆረጡ።

በእነዚያ መንደሮች የደም እርቅ ከአንዲት ጥያቄ ይጀምራል። አስታራቂው እርጥብ ሣር ይዞ ገዳዩን “አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?” ይለዋል። “ሳላውቅ ነው” ብሎ የማለ እንደሆነ የሟች ወገን “አውፍ፣ ይቅር ብለናል” ይላል፤ ቂሙም በዚያው ይቀራል። “አውቄ ነው” ያለ እንደሆነ ግን ሣሩ መሬት ይጣላል፤ ሽማግሌው ይነሣል፤ ገዳዩም አገር ለቆ ይሄዳል።

በዚያ ቀን ጧት ተሾመች የልጇን ጋቢ እያስተካከለች፣ “‘ሳላውቅ ነው’ በል፤ ውሸት የለበትም። ልጅቱን ልትገድል ፈልገህ ነበር?” አለችው።

“አልፈለግሁም፣ እማዬ።”

“እንግዲያ ምን ያስጨንቅሃል? አንተ አገር ለቀህ ከሄድህ እኔን ማን ይቀብረኛል?”

ምስጋናው በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ከሾላው ሥር ተሰብስበው ነበር። ከክርስቲያኑ ወገን ቄስ ታረቀኝ በዘንጋቸው እየተደገፉ ከሁሉ በኋላ ደረሱ።

“መጡ!” አሉ አስታራቂው ሼህ ሙዘይን። “ቄሴ ከደረሱማ የቀረ ሰው የለም። ይጀመር!”

“ዝግ ብሎ የሄደ ማንንም አላስቀበረም፣ ሼሁ” አሉ ቄሱ እየሳቁ፤ ወዲያውም ባድሩ ከፊታቸው መቀመጡን አይተው ሳቃቸው አፋቸው ላይ ደረቀ። ባድሩ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ምስጋናው ድንጋይ ተሸክሞ መሐል ቆመ። ሼሁ ሣሩን አንሥተው፣ “አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?” ብለው ጠየቁት። ምስጋናው አፉን ሲከፍት ባድሩ እጁን አነሣ።

“ሼሁ፣ ሳይምል አንዲት ነገር ልጠይቀው።”

“ጠይቅ ባድሩ፤ አብሽር።”

“ያን ቀን ድልድዩ አጠገብ ትራፊክ ቆሞ ነበር። ከላይኛው ማሳ ሆኜ አይቻለሁ። ከፊትህ የመጣው አይሱዙ መብራት አበራልህ። እውነት ነው?”

“እውነት ነው፣ ጋሼ ባድሩ።”

“ምን ማለቱ ነው? እኔ ገበሬ ነኝ፤ የሹፌር ቋንቋ አላውቅም።”

“ትራፊክ አለ፣ ተጠንቀቅ ማለት ነው።”

“ከዚያስ?”

“ፍሬን ያዝሁ። ቀስ ብዬ አለፍሁት።”

“ቀስ ብለህ! ወላሂ፣ ሙሽራ እንደጫነች በቅሎ ነበር የሄድኸው። ሳጂዳም እንደ እኔው አየችህ። አስፋልቱ ዳር ቆማ ነበር፤ አካሄድህን አይታ ‘ይሄስ ገና ነው’ ብላ ገባች።” ባድሩ ዓይኑን ከመሬት አነሣ። “ድልድዩን ካለፍህ በኋላ ምን አደረግህ? እሱን አንተ ንገረን።”

ፋሲካ የሚባል የምስጋናው የሥራ ባልደረባ ከኋላ ሆኖ ጮኸ፤ “ኧረ ጋሼ ባድሩ! ይሄ ሁሉም ሹፌር የሚያደርገው ነው። መብራት መስጠት እኮ ሰላምታችን ነው!”

“አንተ ዝም በል” አሉት ሼሁ። “እዚህ መሐል ለመቆም አትቸኩል።”

ቄስ ታረቀኝ ለምስጋናው ሊናገሩለት ያዘጋጁት ቃል ነበራቸው። እንጨት ሲቆርጥ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለ ሰው፣ ጠላትነት በልቡ ስላልነበረ መማጸኛ ከተማ እንደ ተሰጠው አባቶች ያስተማሩትን ነው። ሌሊቱን ሲያሰላስሉት አድረው ነበር። አሁን ግን ሌላ ሐሳብ መጣባቸው። ብረቱ እንደ ላላ እያወቀ፣ ዳኛ ሲያልፍ ብቻ አጥብቆ ይዞ፣ ዳኛው ዘወር ሲል ምሳሩን እንደ ልቡ የሚያወዛውዝ ሰውስ? ለእርሱ የትኛው ከተማ በሩን ይከፍታል? ቃላቸውን ዋጡት።

ምስጋናው ድንጋዩን ሳያወርድ ተናገረ።

“ነዳጁን ረገጥሁት። ሰዎች ሐይቅ ላይ እየጠበቁኝ ነበር። ትራፊኩ ከኋላዬ ቀረ አልሁና ረገጥሁት። ሳጂዳን ለመግደል አላሰብሁም። ሰው እዚያ ላይ እንደሚሻገር ግን አውቅ ነበር፤ እናንተን በየቀኑ አያችኋለሁ። እግሬ ፍሬኑን ታውቀዋለች፤ ለፖሊሱ ታዝዛለች። ለሳጂዳ ነው ያላዘዝኋት። ‘ሳላውቅ ነው’ ብዬ ልምል አልችልም።”

“ልጄ!” ብላ ተሾመች ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጣለች። ፋሲካ አንገቱን ደፋ።

ሼህ ሙዘይን ሣሩን ይዘው ቀሩ። “አውቄ ነው አላለ፤ ሳላውቅ ነውም አላለ። ቄሴ፣ ይህን ሣር ምን ላድርገው?”

“እኔም እንጃ፣ ሼሁ” አሉ ቄሱ። “የሰውን ዓይን የሚፈራውን ያህል የእግዚአብሔርን ዓይን የሚፈራ ቢኖር እዚህ ባልተቀመጥን።”

በመጨረሻ ባድሩ ተነሣ።

“ሣሩን አይጣሉት። ዛሬ ‘አውፍ’ አልልም፤ አልቻልሁም። ምሎ ቢሆን ግን እስክሞት አልልም ነበር። ደሙን አልሻም፤ አገሩንም አይልቀቅ። እዚህ ለእኛ ያለውን ሄዶ ለሕግ ይበለው። ከዚያ ወዲያ፣ አላህ ካለ፣ እንጠያየቃለን።”

ይህን ብሎ ወደ ማሳው ወጣ። ሼሁ ሣሩን በሾላው ቅርንጫፍ መሐል ሰኩት፤ ማንም “አሜን” ሳይል ጉባኤው ተፈታ።

ምስጋናው በዚያው ሰዓት ወደ ውጫሌ ተነሣ፤ ለመርማሪው የሰጠው ቃል “ድንገት ገባችብኝ” የሚል ነበርና ሊያስለውጠው ነው። እስር እንደሚጠብቀው ያውቃል። ፋሲካ “በመኪና ላድርስህ” ቢለው እንቢ አለ። እናቱ ተከተለችው። “ከኋላ ሆኜ ከማለቅስ አብሬህ ልሂድ” አለች።

ድልድዩ ሲቀርብ ትራፊኩ ከሥፍራው ቆሟል። ከውጫሌ የመጣ ሚኒባስ መብራት ተሰጥቶት ፍጥነቱን ቀነሰ፤ በፖሊሱ ፊት እንደ ጨዋ አለፈ፤ ተሾመችም አካሄዱን አይታ ልትሻገር እግሯን ወደ አስፋልቱ አወረደች። ምስጋናው ሞተሩ ሲያጓራ ሰማ። የእናቱን ክንድ ይዞ ወደ ኋላ ሳባት፤ ሁለቱም በአፈሩ ላይ ወደቁ። ነፋሱ ጋቢውን ገልቦት አለፈ።

ከዚያ ድምፅ ጋር ዘመኑን ሁሉ ኖሯል፤ ከዳር ሆኖ ግን ሰምቶት አያውቅም ነበር። እናቱን አነሣት፤ እጇንም ሳይለቅ በመንገዱ ጠርዝ ወደ ውጫሌ ሄዱ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከቤታችሁ የወጣውን በሰላም ይመልስላችሁ፤ በደጃችሁ የሚያልፈውን ማስተዋል ይስጠው፤ የልጆቻችሁን እግር ከመሰናክል ይጠብቅ፤ የማታ ማዕዳችሁንም ከዙሪያው ሰው ሳይጎድል ይባርክ። አሜን።