ሽሮ በሃምሳው

«ዘላቂ አመጋገብ» የሚለውን ቃል ማን እንደተረጎመው ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጣላው ነበር። ሰሌዳው ላይ ጽፌው ዞር ስል ወይዘሮ መድኃኒት እጃቸውን አወጡ።

«ዘላቂ ማለት የማያልቅ ማለት አይደል፣ ጓለይ?» አሉኝ። ወላጆቼ ትግርኛ ተናጋሪዎች መሆናቸውን ካወቁ ጀምሮ ሰምሃል ብለው ጠርተውኝ አያውቁም፤ ጓለይ ነኝ፣ ልጃቸው። «እንግዲያው የማያልቅ ወጥ አሠራር ካለሽ አስተምሪን። ሌላውን እናውቀዋለን።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ሴቶችን ስለ ምግብና ስለ አካባቢ በሚያስተምር አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ነው የምሠራው። ተማሪዎቼ የካዛንቺስ የድሮ ሰፈር ሴቶች ማኅበር አባላት ናቸው። ሰፈራቸው ፈርሶ ከፊሉ ገላን፣ ከፊሉ የካ፣ ከፊሉም እንደ ወይዘሮ መድኃኒት እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ ተበትኗል። ማኅበሩ ግን አልፈረሰም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኡራኤል ጀርባ ባለች አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ሊቀመንበሯ ራሳቸው ወይዘሮ መድኃኒት ናቸው። ከስብሰባው በፊት አንድ ሰዓት ለእኔ ተሰጥቶኛል። የሚሰጡኝም ለጨዋነት ያህል ነው።

የማስተምርበት ጽሑፍ ሌላ አገር የተጻፈ ነው። ሥጋ ቀንሱ ይላል። ቅቤ ቀንሱ ይላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞን፣ ከሥጋ ነጻ አድርጉ ይላል። ይህን የምነግረው ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን ለሚጾሙ፣ በግ ከበዓል በዓል ለሚያዩ ሴቶች ነው። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። የፕሮጀክቱን አስተባባሪ ተስፋለምን ይህንኑ ብነግረው ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ማለቴ፣ ኮንቴክስቱን አንቺ አስተካክዪው፤ ለዛ አይደል የቀጠርንሽ» አለኝ።

ይባስ ብሎ «ፕራክቲካል» ያስፈልጋል አለ። ሴቶቹ አንድ ትልቅ ግብዣ ያለ ሥጋ አዘጋጅተው ይቀረጹ። ማኅበሩ የዓመት ምሳ እንዳለው ሰምቶ ኖሮ ዓይኑ በራ።

ያ ምሳ ሁልጊዜ የሚሆነው በሃምሳው ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምባቸው። ሆን ብለው ነው የመረጡት፤ ከዚያ ሁሉ የሁዳዴ ሽሮ በኋላ ተሰብስበው ክትፎ ሊበሉ። በሃምሳው ደግሞ መጾም ነውር ብቻ አይደለም፣ ሥርዓቱም አይፈቅድም። ይህን ለተስፋለም ባስረዳው፣ ባስረዳው፣ «ጾሙ ሳይሆን ኢንቫይሮመንቱ ነው» ብሎ ዘጋብኝ።

ምን ላድርግ፤ ለሴቶቹ አቀረብኩት። የቱን ያህል ተጠንቅቄ እንደጀመርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን አፌ ከዳኝና «የጾም ምግብ» አልኩ።

«በሃምሳው?» አሉ ወይዘሮ መድኃኒት። ሳቁ ቀረ።

«ማለቴ፣ ለጾም ሳይሆን... ከሥጋ ነጻ የሆነ...»

«እሱማ የጾም ነው።»

«የአትክልት ምግብ እንበለው።»

«አትክልት ጎመንና ካሮት ነው። ምስሩን ምን ልትይው ነው? ሽሮውንስ?»

እውነታቸውን ነበር። በአማርኛችን ሥጋና ቅቤ የሌለው ምግብ ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ የጾም። ሌላ ስም ስፈልግ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ላብ አጠመቀኝ።

ከኋላ ወንበር እትዬ ዘይነባ ድምፃቸውን አሰሙ። «እኛ ዘንድ ደሞ የጾም ምግብ ማለት ማፍጠሪያ ነው። ሳምቡሳ ታመጪያለሽ?» ሳቁ ተመለሰ፤ በእኔ ላይ ነበር የተመለሰው።

እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው፤ ካዛንቺስ ውስጥ ቅመም ሲሸጡ ነው ያረጁት። አሁን የሚኖሩት ገላን ነው። በማኅበሩ ውስጥ የቀሩት ሙስሊም እሳቸው ብቻ ናቸው። ድሮ ለዓመቱ ምሳ ክርስቲያኖቹ በአንድ ወገን፣ ሙስሊሞቹ በሌላ ወገን እያረዱ፣ ሁለት ትሪ ተዘርግቶ፣ ሁለቱም ዙሪያው ጢም ይል ነበር አሉ። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ ለዚህ ማንም ከማንም ተቀያይሞ አያውቅም። ሰፈሩ ሲበተን ግን የሙስሊሞቹ ትሪ እየሳሳ ሄደ። አምና እትዬ ዘይነባ ከቤታቸው በምሳ ዕቃ ዶሮ ይዘው መጥተው ለብቻቸው በልተዋል።

ይህን ሳስታውስ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። እንዴት እስካሁን አልታየኝም ብዬ ራሴን እየወቀስኩ፣ ከብት ስለሚጨርሰው ውሃ የማወራውን ትምህርቴን ትቼ፣ «ሥጋ ከሌለበትኮ አንድ ድስት፣ አንድ ትሪ ይበቃል» አልኩ። «ሁላችሁም አብራችሁ ትበላላችሁ። እትዬ ዘይነባም።»

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ያፈረሰብኝ ሌላ ሰው አይደለም፤ እትዬ ዘይነባ ራሳቸው ናቸው።

«የለም» አሉ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ። «እኔ ምክንያት አልሆንም። አርባ ሰው ክትፎውን አጥቶ እያንዳንዱ ሽሮውን በጠቀሰ ቁጥር ስሜን ሊያነሳ ነው? ክትፏችሁን ብሉ።»

እጅ ይውጣ ተባለ። እትዬ ዘይነባም ለክትፎው እጃቸውን አወጡ። እኔ አባል ስላልሆንኩ ድምፅ የለኝም፤ ቢኖረኝ ኖሮ ሁለቱንም እጆቼን አውጥቼ እጮህ ነበር።

ስብሰባው ሲያበቃ እትዬ ዘይነባ ከስታዲየም ባቡር ስለሚይዙ አብሬያቸው ወረድኩ። በመንገዱ ሁሉ ስነጫነጭ ሰሙኝ።

«ቢያንስ ከእነሱ ትሪ አጠገብ ይቀመጡ» አልኳቸው። «የራስዎን ምግብ ይዘው።»

«እነሱ በአንድ ትሪ ሲጎራረሱ እኔ ምሳ ዕቃ ከፍቼ? ሆስፒታል ነው እንዴ?» ጥቂት ሄድን። «አንቺ ልጅ፣ አትድከሚ። ዘንድሮ ልሰናበታቸው ነው የምመጣው። ለከርሞ አልመጣም። ከገላን ድረስ ታክሲና ባቡር ተጋፍቼ ብቻዬን ምሳ ልበላ? ወላሂ፣ አምና ዶሮው አልዋጥ አለኝ።»

«ይንገሯቸዋ። ቢያውቁኮ...»

«ቢያውቁ ያዝኑልኛል። እንዳትናገሪ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል? እሺ ባልኩበት አፌ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስሳደብ አደርኩ። የማምንበት ነገር ነው የማስተምረው። የሚያስፈልጋቸውም ነገር ነው፤ እነሱ በሚያስቡት መንገድ ባይሆንም። አንድ ድስት ሽሮ አንዲት ሴት ከሰዎቿ እንዳትለይ ያደርጋት ነበር፤ ያንን ሽሮ የሚያስጥል «የጾም» የሚል ቃል ግን አማርኛ ውስጥ ተቀምጦልኛል፣ እትዬ ዘይነባ ደግሞ በኩራታቸው ተጋርደዋል፣ ተስፋለም ደግሞ ካሜራ ይዞ እየመጣ ነው።

የምሳው ዕለት እልህ ይዞኝ ሽሮውን እኔው ሠራሁ። በዘይት፣ በጽሑፉ መሠረት፣ ቅቤ ጠብ ሳይልበት። ድስቷን ከነክዳኗ አዳራሹ ጥግ ያለች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ተስፋለም ከፊቷ «ከሥጋ ነጻ ማዕድ» የሚል ባነር ሰቀለና ካሜራውን ይዞ ጠበቀ። አንድም ሰው አልቀረበም። አንዷ ብቻ ክዳኑን ከፍታ አየችና፣ «ውይ፣ የጾም ነው» ብላ መልሳ ከደነችው።

ሴቶቹ በትልቁ ትሪ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ክትፎው መጣ፣ ጉርሻው ጀመረ፣ ወሬው ደራ። እትዬ ዘይነባ በመስኮቱ በኩል ለብቻቸው በተዘረጋ ጠረጴዛ ላይ ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። ከትሪው እየዞሩ «ዘይነባዬ፣ ብዪ እንጂ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም «እየበላሁ ነው» ይላሉ። አልበሉም። እንጀራውን ቆርሰው፣ ቆርሰው፣ እዚያው ይተዉታል። እኔም ቃል ስለገባሁ አፌን ለጉሜ እያየሁ ተንጨረጨርኩ።

ወይዘሮ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ያህል ከጎረሱ በኋላ እጃቸው ቆመ። ወደ መስኮቱ ያያሉ። ተነስተው ወደ ጓዳ ሄዱ። የውሃ ድምፅ ሰማሁ፤ እጃቸውን በሳሙና ደጋግመው ታጠቡ። ከዚያ ወደ እኔ ጥግ መጥተው፣ ባነሩን እንደ መጋረጃ ገፋ አድርገው፣ ድስቷን አነሱ።

«ቅቤ አለው?»

«የለውም። ሐሳቡም እሱ ነው፤ ላሟ የምትጠጣው ውሃ...»

«አሁን ትምህርት እንዳትጀምሪ» አሉኝና ድስቷን ይዘው ጓዳ ገቡ። ተከትያቸው ስደርስ ከአንድ ማንኪያ በላይ የተነጠረ ቅቤ ሽሮዬ ላይ ጨምረው እያማሰሉ ነበር። የስንት ሳምንት ትምህርቴ እዚያ ድስት ውስጥ ሲቀልጥ ቆሜ አየሁት።

«በቃ» አሉ። «አሁን የጾም አይደለም።»

አዲስ እንጀራ በንጹሕ ትሪ ላይ ዘርግተው ሽሮውን ገለበጡበትና እትዬ ዘይነባ ፊት አኖሩት። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ እትዬ ዘይነባ፤ ፊታቸው ጠቆረ። «ሂጂ ክትፎሽን ብዪ። ለእኔ ብለሽ...»

«ላንቺ ማን አለሽ? ክትፎው ጥሬ ነው፤ ሆዴ አልቻለውም። እጄን ታጥቤያለሁ፣ አትጠየፊኝ።»

ውሸታቸውን ነው። የወይዘሮ መድኃኒት ሆድ ድንጋይ ይፈጫል፤ ጥሬውን ክትፎ ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው። እትዬ ዘይነባም ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ምሳ ዕቃቸውን ከደኑና ወደ ጎን ገፉት። ከሽሮው ጠቅሰው ጎረሱ። ወይዘሮ መድኃኒት ጠቅልለው አጎረሷቸው፤ እትዬ ዘይነባም መልሰው አጎረሱ። ከትልቁ ትሪ አንዲት ሴት፣ «እኔም ሆዴን እያመመኝ ነው» ብላ እጇን ልትታጠብ ተነሳች።

ይኼኔ ሰልችቶት ውጭ ወጥቶ የነበረው ተስፋለም ደረሰ። ካሜራውን ከፍቶ፣ ባነሩን ከጥግ ነቅሎ እየጎተተ። «እንዲህ ነው! ሰምሃል፣ ገደልሽው። እማማ፣ እስኪ ሁለታችሁ ትሪውን ከፍ አድርጉልኝ። እርስዎ በዚህ በኩል፣ ሻርፑ እንዲታይ። ለማን ብላችሁ ሥጋውን እንደተዋችሁ ትንሽ ትናገራላችሁ።»

እትዬ ዘይነባ ወደ አፋቸው የሄደውን ጉርሻ መለሱት። እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሱ። ዓይናቸው ምሳ ዕቃቸውን ፈለገ።

እግሬ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። በካሜራውና በትሪው መሃል ገብቼ ቆምኩ። ይህን ምስል ለማግኘት ስንት ቅዳሜ እንደተሳቀብኝ፣ ኮንትራቴ የሚታደሰውም በዚሁ ምስል እንደሆነ አልጠፋኝም።

«አይቀረጽም» አልኩት።

«ለምን?»

«ቅቤ ገብቶበታል። በመመሪያው መሠረት አይቆጠርም።»

«ምን ችግር አለው፣ ቅቤውኮ አይታይም።»

«ቅቤ አለበት አልኩህ፣ ተስፋለም። ካሜራውን ዝቅ አድርግ።»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ታዲያ ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?»

«አልተሳካም በል።»

ባነሩን ጠቅልሎ እየተነጫነጨ ወጣ። እኔ ዞር ብዬ ለማየት ድፍረቱን ሳጣ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ አንድ ሰው፣ ከዚያም ሌላ። ቀጥሎ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ መጣ፤ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ነበር የሚናገሩት።

«መድኃኒት፣ ለከርሞ ሽሮውን እኔ ነኝ የማመጣው፤ የዚች ልጅ ሽሮ ውሃ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ሽሮዬ ውሃ አልነበረም፤ ግን አልተከራከርኩም።