የመምህሯ ልጅ

ሙሉጌጥ የመጣችው ሰኔ መጨረሻ፣ ካርድ በተሰጠበት ዕለት ነው። ሌሎቹ ወላጆች የልጆቻቸውን ካርድ ተቀብለው ሄደዋል። እሷ ግን ጃንጥላዋን በሁለት እጇ ይዛ የክፍሉ በር ላይ ቆማ ቀረች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» አለች።

ቢፍቱ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ስታስተምር ዘጠነኛ ዓመቷ ነው። ሙሉጌጥን በደንብ ታውቃታለች። መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ቢሮ ታጸዳለች። የምትኖረው ከጉራራ በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው፤ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ልጅቷ ማርቲ ትባላለች። ዘንድሮ ከሃምሳ አራት ልጆች አንደኛ ወጥታለች።

«ይግቡ እንጂ፣ እትዬ ሙሉጌጥ። ይቀመጡ።»

ሙሉጌጥ የልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበቷን አጥፋ እንደምንም ተቀመጠች። የምትሄድበት ቤተክርስቲያን በየዓመቱ ጥቂት ልጆችን መርጦ የግል ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር፣ ዘንድሮ ማርቲን እንደመረጡላት፣ መልሷን እስከ ዓርብ እንድታሳውቃቸው መጠየቃቸውን ነገረቻት።

«የትኛው ትምህርት ቤት ነው?»

«ወደ መገናኛ ሲወርዱ ያለው። ቢጫ ሹራብ የሚለብሱት።»

ቢፍቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የራሷ ልጅ ሰኚ የማርቲ እኩያ ናት፤ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው እዚያው፣ ቢጫ ሹራብ ከሚለብሱት ጋር ነው። ከመምህራኑ በቀር ይህን በግቢው ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰኚን የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከታችኛው አስፋልት ይወስዳታል፤ የቢፍቱ ተማሪዎች ገና ከቤታቸው አልወጡም።

«እኔ እንጃ» አለች ሙሉጌጥ። «እዚህ ቁርስና ምሳዋን እየበላች፣ እየሳቀች ትማራለች። እዚያ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው ይላሉ። እኔ ምን ብዬ አስጠናታለሁ? በዚያ ላይ ከባለመኪና ልጆች መሃል ስትገባ ትሸማቀቅብኛለች። እንቢ ስል ደግሞ ዕድሏን የዘጋሁባት እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ።» ጃንጥላዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። «እርስዎ መምህር ነዎት፣ ያውቃሉ። የእርስዎ ልጅ የት ነው የምትማረው?»

ያን ቀን ጠዋት በወላጆች ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ አቶ ዘመንፈስቅዱስ ቢፍቱን ተናገሪ ብለዋት ነበር። እሷም ተነስታ፣ «ትምህርት ቤታችን ተሻሽሏል፤ ልጆቻችሁን አታስወጡብን» ብላ ተጨብጭቦላታል። ሙሉጌጥም ካጨበጨቡት አንዷ ነበረች።

«እዚሁ ነው» አለች ቢፍቱ። ሙሉጌጥ አሁንም ዓይን ዓይኗን ስታያት ጊዜ፣ «ሌላው ሁለተኛ ክፍል፣ ቲቸር ባፈና ጋ» ብላ ጨመረችበት።

የሙሉጌጥ ፊት ፈካ። «በቃ፣ ገላገሉኝ! እርስዎ ያመኑበት ለእኔ ምን ያንሰኛል?» ብላ የቢፍቱን ትከሻ በትከሻዋ ነክታ ተሰናበተቻትና ዝናቡ ሳይይዛት ዳገቱን ለመውጣት ተጣደፈች።

ቢፍቱ ወደ ቤቷ ስትሄድ ለራሷ ብዙ ነገር ነገረች። ደግሞስ ምን ጎዳኋት? ልጅቷ እዚህ አንደኛ ናት። እዚያ ብትሄድ ከኋላ ትቀመጥ ይሆናል። ግን ቃሏ ከአፏ የወጣበት ፍጥነት አስደነገጣት። ስታስብበት የቆየች ሰው ነበር የምትመስለው።

በማግስቱ ዝናቡ ከቤት ስላላስወጣቸው ሰኚን አጠገቧ አስቀመጠቻት። ለተማሪዎቿ የዓመቱ መጨረሻ ላይ የምትሰጣቸውን አጭር ጽሑፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ስለ አንዲት የጠፋች ፍየል የሚያወራ፣ አንድ ገጽ የማይሞላ ታሪክ ነው።

«አንብቢልኝ እስቲ።»

ሰኚ በጣቷ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካች ጀመረች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ አላባት። «ማሚ፣ አማርኛ እኮ ይከብዳል። በኢንግሊሽ ላንብብልሽ?» አለችና የራሷን መጽሐፍ አምጥታ አንድ ሙሉ ገጽ ሳትተነፍስ አነበነበችው። አባቷ ሊሊሳ ከወዲያ ሆኖ ፈገግ እያለ ሰማት።

«ጎበዝ። ምንድነው የሚለው?» አለች ቢፍቱ።

ሰኚ እናቷን በመገረም አየቻት። «እሱን ቲቸር ናት የምትነግረን።»

ማርቲ ግንቦት ላይ ያንኑ የፍየሏን ታሪክ ካነበበች በኋላ፣ «ግን ፍየሏ ለምን ጠፋች? ተርባ ነው ወይስ ተጣልታ?» ብላ ጠይቃ ክፍሉን ሁሉ አስቃው ነበር። ቢፍቱ ይህ ትዝ አላት። ለሙሉጌጥ የሰጠቻት ምክር ምናልባት ትክክል ነበር። ትክክል ከሆነ ደግሞ የራሷን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስታደርጋት ነበር? ትክክል ካልሆነ የሰው ልጅ ዕድል በውሸት ዘግታለች። በየትኛውም በኩል ብታስበው መውጫ አላገኘችም።

ሰኚ ልትጫወት ጎረቤት ስትሄድ ነገሩን ለሊሊሳ ነገረችው።

ሊሊሳ ያደገው የካ ተራራ ሥር ነው፤ ያኔ ቤተሰቡ ገበሬ ነበር። የተማረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን አሁን ክፍለ ከተማው መዝገብ ቤት ይሠራል። አንድ ጊዜ ለተሻለ ሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቶ፣ ፈታኞቹ በእንግሊዝኛ ሲጠይቁት አንድ ቃል መመለስ አቅቶት ወጥቷል። ያን ቀን ከመገናኛ እስከ ቤቱ በእግሩ ነው የመጣው።

«እኔ የወጣሁበት በር ላይ ልጄ እንድትቆም አልፈልግም» አለ። «ማንበቡ ቀስ ብሎ ይመጣል። እንግሊዝኛው ግን አሁን ካልገባ አይገባም።»

«የማይገባትን ነገር ነው እኮ የምታነበንበው፣ ሊሊሳ።»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽም ወይ የግል ትምህርት ቤት ካላስገባናት ብለሽ ያስጨነቅሽኝ?»

እውነቱን ነው። እዚያው የምታስተምርበት ግቢ አንደኛ ክፍል ልታስመዘግባት ስትሄድ በአንድ ክፍል ሰባ ልጅ ቆጥራ ተመልሳለች። በመምህራን ክፍል ውስጥ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ልጃቸውን ሌላ ቦታ ነበር የሚያስተምሩት፤ ስለዚህ ጉዳይ ማንም አያወራም። እሷም ዝም ብላ ተከተለቻቸው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሙሉጌጥን ቤት እያጠያየቀች ዳገቱን ወጣች። መንገዱ በጭቃ ተይዟል። ሁለት ጊዜ ልትመለስ ቆመች፤ ሁለቱንም ጊዜ የሚወርዱ ሰዎች «አይዞሽ፣ ደርሰሻል» ስላሏት አፍራ ቀጠለች።

ሙሉጌጥ መምህሯን ደጇ ላይ ስታይ ደነገጠች። «ማርቲ ምን አደረገች?»

«ምንም። ማርቲ ደህና ናት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለቤተክርስቲያኑ መልስ ሰጡ እንዴ?»

«ረቡዕ። አመሰግናለሁ፣ ለሌላ ልጅ ስጡት አልኳቸው።»

ቢፍቱ እንደቆመች ተናገረችው። «ልጄ እኛ ትምህርት ቤት አይደለችም። ማርቲን ሊወስዷት የነበረው ትምህርት ቤት ናት። ዋሽቼዎታለሁ።»

 ሙሉጌጥ ማርቲን ውሃ ቅጂ ብላ ወደ ጓሮ ላከቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለልጅሽ ያልሆነው ነው ለልጄ የሆነው?» አለች። እስከዛሬ አንቺ ብላት አታውቅም።

«እንደሱ አይደለም...»

«እንዴት ነው ታዲያ? እኔ ቢሮ እየጠረግኩ የሰው ልጅ ቢጫ ሹራብ ለብሶ ሲያልፍ በመስኮት የማየው ሰው ነኝ። ዕድሉ እጄ ላይ መጣ። አንቺን አምኜ ጣልኩት። ለምንድነው የዋሸሽኝ?»

«ፈርቼ ነው» አለች ቢፍቱ። «ያን ጠዋት ሁላችሁ ፊት የተናገርኩት ውሸት ነው እንዳትይኝ ፈራሁ። የተናገርኩት ደግሞ ውሸት አይደለም። ማርቲ ከእኔ ልጅ የተሻለ ታነባለች። ይህን ያወቅኩት ግን ከዋሸሁሽ በኋላ ነው።»

ሳታውቀው እሷም አንቺ ብላለች። ሙሉጌጥ ይህን ሰማችም አልሰማችም፣ ነጠላዋን ከምስማር ላይ አወረደች። «ነይ» አለቻት። «ለእኔ የነገርሽኝን ለእነሱም ትነግሪያቸዋለሽ።»

የቤተክርስቲያኑ ቢሮ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። የሕፃናት ፕሮጀክቱ ኃላፊ ነአምን የሚባል ወጣት ነው። ቢፍቱ ጫማዋ ጭቃ እንደሆነ ፊቱ ተቀምጣ፣ ሙሉጌጥ ዕድሉን የመለሰችው በእሷ የተሳሳተ ምክር እንደሆነ አስረዳች። ነአምን እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ከዚያም ቦታው ትናንት ለሌላ ልጅ መሰጠቱን፣ የዚያችን ልጅ እናት ተመልሶ እንቢ ማለት እንደማይችል ነገራቸው። «ማርቲን ተጠባባቂ ላይ አንደኛ አድርጌ እጽፋታለሁ። ተስፋ ግን አልሰጣችሁም» አለ።

ክረምቱ ለቢፍቱ ረጅም ሆነባት። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሙሉጌጥ እየመሰለቻት ትደነግጣለች፤ አለመሆኑን ስታይ ደግሞ ይብስባታል። በየቀኑ ጠዋት ሰኚን አስቀምጣ አማርኛ ማስነበብ ጀመረች። ልጅቷ አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች። አንድ ቀን ግን «ጎርፉ ድልድዩን ወሰደው» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብባ፣ «ወዴት?» ብላ ቀና አለች። ሊሊሳ ጋዜጣውን አጠፈ።

«አንድ ሴሚስተር» አለ፣ ብዙ ሳምንት ሲከራከሩ ቆይተው። «አንቺ ያለሽበት ግቢ ገብታ አንድ ሴሚስተር እንያት። እንግሊዝኛውን ቤት ውስጥ አብረን እንሠራለን። እኔም ከእሷ ጋር እማራለሁ። ካልሆነ ግን ትመለሳለች።»

«ቦታዋን ከለቀቀች ላይቀበሏት ይችላሉ።»

«አውቃለሁ» አለ። በሳምንቱ ቢፍቱ ሄዳ የሰኚን መልቀቂያ አወጣች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሰሞን ሙሉጌጥ ራሷ መጣች። በፕሮጀክቱ ከተያዙት ልጆች አንዱ ቤተሰቡ ሐዋሳ ስለተዛወረ ማርቲ ቦታውን አግኝታለች። ሙሉጌጥ ዜናውን የነገረቻት እንደ መርዶ ነው።

«ልላካት? አሁን አትዋሺኝ።»

 ቢፍቱ የምታውቀውን ብቻ ነገረቻት። እዚያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ልጅ እንደሆነ፣ ዓምና የሰኚ መምህራን ሦስት ጊዜ እንደተቀያየሩ፣ ማርቲ መጀመሪያ ላይ ግራ እንደምትጋባ፣ ግን የማይገባትን እንደምትጠይቅ። ሙሉጌጥ «አንቺ ብትሆኚስ?» ስትላት፣ «እኔ ሰኚን አስወጥቻታለሁ። ትክክል መሆኔን ግን አላውቅም» አለቻት።

 ሙሉጌጥ «ይሄኛውን አመንኩሽ» አለችና ማርቲን ልትልካት ወሰነች። ሹራቡ ውድ ስለነበር ቢፍቱ የሰኚን አጥባ ሰጠቻት።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት ሦስት ሰዓት ላይ ሙሉጌጥ ደወለች። ከሥራ ቦታዋ መታጠቢያ ቤት ተደብቃ ነው፤ ድምፅዋ ያስተጋባል።

«ስትገባ እጄን አልለቅም አለችኝ። አለቀሰች። አልቅሳ አታውቅም እኮ! መምህሯ የምትለው አልገባኝም አለች። ልመልሳት እንዴ?»

«ዛሬ አትመልሻት» አለች ቢፍቱ። «ከሰዓት ስትወጣ አነጋግሪያት። ማታ ይዘሻት ነይ፣ አብረን እናየዋለን።»

ስልኩን ዘግታ የራሷን ክፍል ልጆች ሥዕል እንዲሠሩ አዘዘቻቸውና በኮሪደሩ ወደ ሦስተኛ ክፍል ሄደች። ቲቸር ባፈና ዘንድሮ ወደ ሦስተኛ ክፍል ተዛውሯል፤ ድምፁ በበሩ ስንጥቅ ይሰማል። በመስኮቱ ጥግ አጮልቃ አየች። ሃምሳ ስምንት ልጆች ናቸው። ሰኚ አራተኛው ረድፍ ላይ ከሁለት ልጆች መሃል ተጣብቃ ተቀምጣለች። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እያየች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ እጇን አወጣች፤ መጀመሪያ እስከ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ ትንሽ ከፍ አድርጋ።

ባፈና በሌላ በኩል ያሉ ልጆችን እየጠየቀ ነበር። አላያትም።

ቢፍቱ እጇ መስኮቱን ሊያንኳኳ ተነሳ፤ ግን ያዘችው። ከኋላዋ የራሷ ክፍል ልጆች መንጫጫት ጀምረዋል። ሰኚ እጇን አላወረደችም። ባፈና ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ከሰኚ ፊት ያለችውን ልጅ ጠራ። ሰኚ እጇን ለወጠችና በግራዋ አወጣች።

ጫጫታው እየበረታ ስለሄደ ቢፍቱ ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም። ወደ ክፍሏ ተመለሰች።