የኪሞኖው ማስታወሻ

በ1988 ዓ.ም. በጥቅምት ወር እኔና ባለቤቴ አጸደ ከምንኖርበት ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ጃፓን ሄደን ሃያ ቀን ተቀምጠን ተመለስን። የወሰደን ልጃችን ማቲያስ ነው። የሚሠራበት ኩባንያ ኪዮቶ ወደምትባለው ጥንታዊት ከተማ ለሁለት ዓመት ልኮት ስለ ነበር፣ «አባባ፣ እኔ እዚህ ሳለሁ ካላያችኋት መቼም አታዩአትም» ብሎ ቲኬት ላከልን። እኔ በአገር ቤት ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የፕሮቶኮል ክፍል አገልግያለሁ። የውጭ እንግዳ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚጨብጥ፣ ማን በማን ቀኝ እንደሚቀመጥ የምወስን እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ወደ ሰው አገር ማስታወሻ ደብተር ሳልይዝ አልሄድም።

ያረፍነው ማቲያስ ክፍል በተከራየበት ቤት፣ ወይዘሮ ፉሚኮ በሚባሉ ሴት ዘንድ ነበር። ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ በጡረታ የተገለሉ የእንግሊዝኛ መምህርት ስለ ነበሩ በቋንቋ አልተቸገርንም። ገና በር ላይ ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሡን፣ እኔም በልጅነቴ በተማርሁት ሥርዓት ጎንበስ ብዬ አጸፋውን መለስሁ። እሳቸው እንደ ገና ጎንበስ አሉ፤ እኔም ደገምሁ። አጸደ ከኋላዬ «ኧረ በቃ፣ ሻንጣው ከበደኝ!» ባትል ኖሮ እስከ ማታ እዚያው እንቆይ ነበር።

አጸደ በዚያ አገር እንደ ልጅ ደስ አላት። ረቡዕ ቀን ከአኩሪ አተር የረጋ፣ አይብ የሚመስል ነጭ ምግብ ቀረበላትና በጥርጣሬ ተመለከተችው። ወይዘሮ ፉሚኮ ሥጋና ወተት የማይነኩ መነኮሳት የሚመገቡት መሆኑን ሲያስረዱአት፣ «ጾመኛን እንዲህ የሚያከብር አገር አላየሁም» ብላ ሳሕኑን ጠረገችው። ሐሙስ ደግሞ ጥሬ ዓሣ ከአንድ አረንጓዴ ማጣፈጫ ጋር ቀመሰች። ማጣፈጫው በአፍንጫዋ ወጥቶ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ፣ «ይህማ የእኛው ሰናፍጭ ነው! ስሙን ለውጦ እዚህ ተደብቆ ኖሯል!» አለች።

በአንድ ቤተ መቅደስ ግቢ በየወሩ አንድ ቀን ገበያ ይቆማል። የሸክላ ዕቃ፣ አሮጌ መጽሐፍ፣ የደረቀ ዓሣ፣ ከሁሉም በላይ የተለበሰ ኪሞኖ፣ ማለት የአገሩ የባህል ልብስ፣ እንደ ክምር ድርቆሽ ተቆልሎ ይሸጣል። አጸደ እንደ መርካቶ ልማዷ ዋጋ ለማስቀነስ ሞከረች፤ ሻጪዋ ግን ፈገግ ብላ እጅ ነሣቻት እንጂ ዋጋውን አልነካችውም። ጥለናት ሄድን። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ከራቅን በኋላ ሴትዮዋ እየሮጠች ደረሰችብን። ለካ አጸደ ጓንቷን እዚያው ረስታ ኖሮ፣ እሱን ልትመልስ ነው። አጸደም አፍራ ተመለሰችና መጀመሪያ በተነገራት ዋጋ አንድ ኪሞኖ ገዛች፤ የዳመና ቀለም ያለው፣ ጫፉ ላይ ነጫጭ ሽመላዎች የሚበሩበት ሐር ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ፉሚኮ አለባበሱን አስተማሯት። የወገቡ መታጠቂያ ሰፊ መቀነት ነውና አጸደ እሱን ቶሎ ለመደችው። እኔ ፊት ለፊታቸው ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ እያንዳንዱን ነገር በተራ ጻፍሁ። የኪሞኖው ሁለት የፊት ክፍሎች በደረት ላይ ሲደራረቡ የሚያሳይ ሥዕል ሣልሁ፤ ከሥዕሉም በታች «የቀኙ ክፍል ከግራው ላይ ይደረባል» ብዬ ጻፍሁና አሠመርሁበት። ስንለያይ አጸደ ከሻንጣዋ ጥለቱ ወርቃማ የሆነ ነጠላ አውጥታ ለወይዘሮ ፉሚኮ አበረከተችላቸው። አውሮፕላኑ ውስጥም፣ «ሃያ ቀን ሙሉ በእጃቸው አበሉን። ይህን ውለታ በክብር ሳልመልስ ብሞት ዓይኔ አይከደንም» አለችኝ።

ዕድሉ ቶሎ መጣ። በመጋቢት መጨረሻ ወይዘሮ ፉሚኮ በዋሽንግተን የሚያብበውን የቼሪ ዛፍ ለማየት ከአገራቸው ሰዎች ጋር ለአራት ቀን እንደሚመጡ ጻፉልን። ለእኛ ሊሰጡን የቻሉት የቅዳሜ ምሳ ብቻ ነበር። ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማችን ጠባብ ስለሆነ፣ በአቅራቢያችን ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በታናሽ እኅቴ በስሂን ቤት ልንቀበላቸው ወሰንን። ወሩ ዐቢይ ጾም ነው። አጸደ ሦስት ቀን ሙሉ ሽሮውን፣ የተልባውን ፍትፍት፣ ስልጆውን አሰናዳች፤ አዚፋውን ግን «ሰናፍጩ ብድር ነው» ብላ ራሷ ብቻ ለወሰችው። ከዚያ በላይ ያሰበችበት ግን ልብሱ ነበር። እንግዳዋን የምትቀበለው በእንግዳዋ አገር ልብስ እንዲሆን ፈለገች።

ቅዳሜ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆማ ኪሞኖውን ስትደርብ እጇ ቆመ።

«ከፈለ፣ ግራው ከላይ የነበረ ይመስለኛል።»

ደብተሩን ገልጬ አነበብሁላት። «የቀኙ ክፍል ከግራው ላይ።»

«እጄ ግን እንዲያ አይለኝም።»

«አጸደ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አልኋት። እሷም ቀኙን ከላይ ደረበችው።

ጎረቤታችን ፉአድ ታክሲ ነጂ ነው። እኛን ሲልቨር ስፕሪንግ አድርሶ እንግዳዋን ከሆቴላቸው ሊያመጣልን ቃል ገብቶ ነበር። ፓርኪንጉ ላይ ሲያየን በሩን ከፍቶ፣ «እትዬ አጸደ፣ ይህን ለብሰው እኔ ታክሲ ውስጥ? ሊሞዚን ኮል ላድርግ እንጂ!» አለ። አጸደ እስከ ስሂን ቤት ድረስ መቀነቱ እንዳይላላ ቀጥ ብላ፣ ወንበሩን ሳትደገፍ ሄደች።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የፉአድ መኪና ተመልሶ ደጁ ላይ ቆመ። ፉአድ ቀድሞ ወርዶ ወደ እኔ በፍጥነት መጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ ከፈለ፣ ሴትዮዋ ሐዘን ላይ ናቸው እንዴ? እኔ እኮ መንገዱን ሁሉ ሬዲዮ አልከፈትሁም።»

ቀና ብዬ ባይ ወይዘሮ ፉሚኮ ከመኪናው ይወርዳሉ። አጸደ የሰጠቻቸውን ነጠላ ለብሰዋል፤ ነገር ግን ነጠላው ተዘቅዝቋል። ወርቃማው ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገታቸውን ከብቦታል፤ በእኛ ዘንድ ሰው የሞተበት እንደሚለብሰው። ስሂን ከኋላዬ ደረቷን ያዘች።

«ውይ፣ ማን ሞተባቸው? ወንድም ጋሼ፣ ምነው ሳትነግሩኝ? አሁን እግዜር ያጥናዎት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

ወይዘሮ ፉሚኮ ፈገግ እያሉ ደረጃውን ወጡ። ከአጸደ ፊት ሲደርሱ ግን ዓይናቸው ደረቷ ላይ፣ ኪሞኖው በተደረበበት ቦታ ላይ ዐረፈ፤ ፈገግታቸውም ቆመ። ከዚያ ከወትሮው ይልቅ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። እኔ በሥርዓታችን ፍጹምነት ተደንቀው መሰለኝ።

ተቀመጥን። ወይዘሮ ፉሚኮ በእኔ አስተርጓሚነት ስለ አበባው ተጠየቁ፣ በአጭሩ መለሱ። ስሂን ሐዘንተኛ እንደሚያነጋግር ሰው በለሆሳስ ታወራለች። ፉአድ ግድግዳውን ተደግፎ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። እንግዳዋ ደግሞ ዓይናቸውን ከአጸደ ደረት ላይ ይነቅላሉ፣ ይመልሳሉ፤ አንድ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ይላቀቅና ተመልሶ ይገጥማል። ስሂን ውኃ ልታመጣ ስትነሣ አጸደን በጆሮዋ፣ «ቤቱ የለቅሶ ቤት ሆነ እኮ» አለቻት። አጸደ የሦስት ቀን ድካሟ በዓይኗ ፊት ሲበላሽ እያየች ነበር። ደፍራ ብድግ አለች።

«እመቤቴ፣ ይፍቀዱልኝ» ብላ ነጠላውን ከትከሻቸው አነሣች፤ ዘርግታ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ መልሳ አለበሰቻቸው። «እኛ ጥለቱን ወደ ላይ የምናደርገው ሰው ሲሞትብን ነው። አጥብቄ ሳላሳይዎት በመቅረቴ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወይዘሮ ፉሚኮ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «እኔ ያማረው ነገር ፊት አጠገብ ይሁን ብዬ ነው» አሉና መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የአጸደን ደረት በጣታቸው ጫፍ ነኩ። «እንግዲያስ እኔም ልናገር፤ ከበር ጀምሮ ጨንቆኝ ነበር። በእኛ አገር ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለአስከሬን ብቻ ነው።»

ተርጉሜ ጨረስሁ።

«እኔ ሐዘንተኛ ብቻ የመጣ መስሎኝ!» አለች ስሂን። «ለካ ሬሳውም ቀድሞ ገብቶ ኖሯል!»

ፉአድ ኮፍያውን አፉ ላይ ከድኖ ወደ ጓዳ ሸሸ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን ደብተሩ በደረት ኪሴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

ሳቁ ሲበርድ ወይዘሮ ፉሚኮ ቀስ ብለው፣ «አስተምሬዎት ነበር፤ በደንብ አላስተማርሁም ማለት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉና ከወንበራቸው ተነሥተው ጎንበስ አሉ።

አጸደ ፈጥና፣ «የለም፣ የለም! እርጅና ነው፤ እኔ ረስቼው ነው» አለች። ወደ እኔ አልተመለከተችም። ጠዋት መስተዋት ፊት ያለችውን ሁሉ ዋጠችው።

በአገር ቤት ሳለሁ በአንድ ግብዣ የእንግዶች መቀመጫ ተራ አዛብቼ አውቃለሁ። በማግስቱ አለቃችን ጸሐፊዬን ጠርተው በእኔ ፊት ገሠጹት። ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ። ሰውየው ሳላነጋግረው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። አሁን ደግሞ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ እንግዳዬ፣ አንዷ አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችው ባለቤቴ፣ የእኔን ጥፋት እየተሻሙ ፊቴ ቆመዋል።

ተነሣሁ። የኮቴን ቁልፍ ቆልፌ ደብተሩን አወጣሁ።

«ወይዘሮ ፉሚኮ፣ እርስዎ በትክክል አስተምረዋል። ባለቤቴም አልረሳችም፤ ዛሬ ጠዋት ግራው ከላይ ነው ብላኝ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ተመክቼ የከለከልኋት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው» አልሁና እሳቸው በጎነበሱት ልክ ጎነበስሁ። ወገቤ እንደ ቀድሞው አይታዘዝም፤ ቢሆንም እስከሚደርስበት ድረስ አወረድሁት። ቀና ስል አጸደ ታየኝ። በዚህ ዓይነት ያየችኝ መቼ እንደ ነበር አላስታወስሁም።

ወይዘሮ ፉሚኮ ደብተሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ፊደላችንን አያነቡም፤ ሥዕሉን ግን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«አቶ ከፈለ፣ ሥዕሉ ትክክል ነው» አሉ። «እርስዎ ፊት ለፊታችን ተቀምጠው ነበር። በእርስዎ ቀኝ በኩል ያዩት ክፍል በእሷ ግራ ነው።»

ስሂን ተርጉሙልን ስትለኝ ተረጎምሁላት። «ወንድም ጋሼ፣ ያ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የምትሉት ነገር!» አለች። «ይህ ሳይታረም ቢወረስ ኖሮ የልጅ ልጆቻችሁ ሁሉ በቁማቸው ይገነዙ ነበር!»

ወይዘሮ ፉሚኮ አጸደን ይዘው ወደ መኝታ ክፍል ገቡ። የሁለቱ ሳቅ በበሩ ሥር ይሰማል። ሲወጡ ሽመላዎቹ በግራዋ በኩል ይበሩ ነበር። እንግዳዋም ነጠላቸውን አስተካክለው ማዕድ ቀረቡና ከአዚፋው ጎረሱ፤ ሰናፍጩም በአፍንጫቸው ወጣ። አጸደ እጇን አጨበጨበች። «ብድሩ ተመለሰ!» አለች።

እኔ ለመቍረስ እጄን ስዘረጋ ግን ባለቤቴ እስክሪብቶ አቀበለችኝ።

«መጀመሪያ ደብተሩ ይታረም» አለች። «ልንገርህ፣ ጻፍ። የግራው ክፍል ከቀኙ ላይ ይደረባል፤ ግራ ማለትም የለባሿ ግራ ነው እንጂ የተመልካቹ አይደለም።»

እሷ ተናገረች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እንደ ጸሐፊ ጻፍሁ።