የኋላው ክፍል ጣሪያ

ራጅ አንሺዋ ቀኑን ሙሉ ሰውን «አትንቀሳቀስ፣ ትንፋሽህን ያዝ» ስትል ትውልና ማታ ቤቷ ስትገባ ራሷ አንድ ቦታ መርጋት ያቅታታል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የኮሪደሩን መብራት ታጠፋለች፤ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ጠበቅ አድርጋ ትዘጋለች፤ ወጥ ቤት ደርሳ ትመለስና የዘጋችውን ቧንቧ እንደገና ትፈትሻለች። የባሏ አባት፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ በዓይናቸው ይከተሏታል። ሞተሬ ነው የሚሏት።

«ሞተሬ፣ አጥፊውና ትንሽ ይቀዝቅዝ እንጂ» ይሏታል።

«መጣሁ አባባ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነው።»

ያ አንድ ነገር ግን አልቆ አያውቅም።

ቤቱ የመጀመሪያቸው ነው። እሷ ያደገችው ከአከራይ አከራይ ስትዞር ነው፤ ባሏ መስታወት ቆራጭ ነው፤ የሁለቱ ቁጠባ ተደምሮ ባንኩ የጠየቀውን የመነሻ ገንዘብ አይሞላም ነበር። የጎደለውን የሞሉላቸው ሽማግሌው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን አውጥተው ሰጡና የኪራይ ክፍላቸውን ለቀው፣ አንድ ትልቅ ሻንጣ ይዘው የኋላው ክፍል ገቡ። ቁልፉን በተረከቡበት ቀን በሩ ላይ ቆመው መቃኑን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «እንግዲህ ካርታው ከባንክ ወጥቶ እጃችሁ ላይ ሳየው ያኔ እፎይ እላለሁ» አሉ።

ሰው በደስታ ቀን የሚናገረው ዓይነት ነገር ነው። ባሏ ሰምቶ ረሳው። እሷ ግን እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች በልቧ ደመረች፤ ብድሩ በውሉ መሠረት ሲያልቅ ሽማግሌው ከዘጠና ያልፋሉ። ይህን ቁጥር ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ወር ጀምሮ ለባንኩ የምትከፍለው ከሚፈለግባቸው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሆነ። ደሞዝ በገባ ቀን በምሳ ሰዓት እየሮጠች ትሄዳለች፤ ገንዘቡን በመስኮት በኩል ወደ ብድሩ ሂሳብ ታስገባለች፤ ደረሰኙን ቦርሳዋ ውስጥ ወትፋ እየሮጠች ትመለሳለች። የብድር ክፍሉ ደጃፍ ሁልጊዜ ሰልፍ አለ። እዚያ ቁጭ ብላ ወረፋ የምትጠብቅበት ጊዜ ግን አልነበራትም።

ቤቱ ከባንኩ በተረፈው ይኖራል። ሳሙና በክር ለሁለት ይቆረጣል። እሷ ወደ ሆስፒታሉ በእግሯ ትሄዳለች። የባሏ ጃኬት ክርኑ ላይ ሁለት ጊዜ ተለጥፏል፤ ሥጋ ደግሞ ሳይሰናበታቸው ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። ሽማግሌው በዚህ ሁሉ ይቀልዱ ነበር። «እዚህ ቤት እኮ አምፖሉም በፈረቃ ነው የሚሠራው» ይላሉ። ባሏ ይስቃል። እሷም ትስቅና መብራቱን ታጠፋለች።

የማያስቀው የኋላው ክፍል ጣሪያ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከአልጋው ራስጌ በላይ ያንጠባጥባል። የጠሩት ቆርቆሮ ሠሪ ወጥቶ አየና ቆርቆሮው ብቻ ሳይሆን ማገሩም በስብሷል አለ። የጠራው ዋጋ ከአንድ ወር የባንክ ክፍያቸው፣ በላዩ ከምትጨምረው ትርፍ ጋር ተደምሮ እንኳ፣ እጥፍ ነው። ግማሹን እጁ ላይ ካላገኘ ደግሞ መሰላሉን አያነሳም። እሷ «ለከርሞ» አለች። ሽማግሌው አልጋቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው በሚያንጠባጥበው ቦታ ሥር ባልዲ አኖሩና «ራዲያተሬ» ብለው ስም አወጡለት። ጠዋት ጠዋት ሌላው ሰው ሳይነሳ ቀስ ብለው ጓሮ ወስደው ይደፉታል፤ እሷ እንዳትሰማ። እሷ ግን ሁልጊዜ ትሰማ ነበር።

አንድ ማታ ሩዝና ጥቅል ጎመን በልተው ሲጨርሱ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«እሑድ እህትህ ጋ ልሄድ ነው» አሉ ለልጃቸው።

«ልትጠይቃት?»

«ሰንበት ብዬ እመጣለሁ። ክረምቱ እስኪያልፍ። ወይ ደግሞ… እናያለን።»

ሳህን ስትሰበስብ የነበረችው ምራታቸው ቀጥ አለች። «ምን ጎደለብዎት አባባ?»

«ኧረ ምንም አልጎደለብኝ! እንዲያውም ሞልቶ አስቸገረኝ እንጂ» አሉና በአገጫቸው ወደ ክፍላቸው አመለከቱ። «ራዲያተሬን ነው የምልሽ።»

ከሳቸው በቀር የሳቀ የለም።

ወጥ ቤት ሲገቡ ባሏ በሩን ገፋ አደረገው።

«አባቴ ለምን እንደሚሄድ ጠፍቶሽ ነው?»

«አውቃለሁ፣ ጣሪያው ነው። ለከርሞ ብያለሁ እኮ።»

«አምናም ለከርሞ ብለሻል።»

«ለማን ብዬ ነው ታዲያ? ለሳቸው ብዬ አይደል? ካርታውን ሳላይ አልሞትም ብለው—»

«እንዲህ አላለም። እፎይ እላለሁ ነው ያለው።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። አንቺ ለሱ ብለሽ ስትሮጪ እሱኑ ከቤት አስወጣሽው።»

የያዘችው ሳህን የታጠበ መሆኑን ረስታ እንደገና አጠበችው።

በማግስቱ ደሞዝ ገባ። በምሳ ሰዓት የወሩን ክፍያ ከነትርፉ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ባንክ ሄደች። ያን ቀን ግን መስኮቱን አልፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የብድር ክፍሉ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የፈለገችው ምን ያህል ዓመት እንደቀረ የሚገልጽ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ነው። ሽማግሌው ከሰማንያ ብዙም ሳያልፉ ካርታው እንደሚወጣ በራሷ ሂሳብ ደርሳበታለች፤ ከባንኩ አፍ ሰምታ ብትነግራቸው ይቀሩ ይሆናል ብላ ነው።

«እህት» አሉ አጠገቧ የተቀመጡ ሰውዬ፣ «አግዳሚው እየተንቀጠቀጠ ነው።»

እግሯን በእጇ ይዛ አቆመችው። ትንሽ ቆይቶ ሌላኛው ጀመረ።

የብድር ክፍሏ ሠራተኛ ነጠላ ሰረዝ እንኳ የማታባክን፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ኮምፒውተሩን አየችና «አልቀነሰም» አለች።

«ምኑ?»

«ዓመቱ። ትርፍ የከፈሉት በሙሉ የተያዘው ለሚቀጥሉት ወራት ክፍያ ነው። ከዋናው ብድር ላይ ይቀነስልኝ ብሎ ደንበኛው በጽሑፍ ካልጠየቀ እንደዚያ ነው የሚያዘው።»

«ማንም አልነገረኝም!»

«እዚህ መጥተው ያውቃሉ?»

ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሥጋ ያልበላነው ለምንድን ነው?»

«እሱን እንኳ እኛ አላዘዝንም፣ እህቴ» አለች ሠራተኛዋ። ሰልፉ ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ሠራተኛዋ አልሳቀችም፤ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደሷ ገፋ አደረገች። «አሁንም አልረፈደም። እዚህ ላይ ከፈረሙ ሁሉም ወደ ዋናው ብድር ይዞራል፤ ዓመቱም ይቀንሳል። ያኔ ግን ቀድመው የከፈሉት ወር አይኖርም፤ የዚህ ወር ክፍያም ዛሬውኑ ይፈለጋል። ካልፈረሙ ደግሞ ከዓመት በላይ ምንም ባይከፍሉ ማንም አይጠይቅዎትም። ብድሩ ግን በውሉ ቀን ነው የሚያልቀው።»

እስክሪብቶውን አነሳች። ብትፈርም ሩጫዋ ሁሉ ከንቱ አይሆንም። ካርታው ሽማግሌው በሕይወት እያሉ ይወጣ ይሆናል። እሑድ ግን ይሄዳሉ። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ገንዘብ በሙሉ ቢተርፍ ልክ የቆርቆሮ ሠሪው ግማሽ ነው፤ ብትፈርም የሚተርፈው ለምስማርና ለማገር ብቻ ነው። ካልፈረመች ደግሞ ያ በሩ ላይ የደመረችው ቁጥር ተመልሶ ይመጣል፤ እሳቸው ከዘጠና ያልፋሉ፤ የሰው ዕድሜ ደግሞ በውል አይታሰርም።

ጆሮዋ ላይ የባልዲው ድምፅ መጣባት። ውሃው የሚደፋው ቀስ ተብሎ ነው፣ ሰው እንዳይነቃ።

«ፈረሙ?» አለች ሠራተኛዋ።

«አይ» አለች። «ባለበት ይሁን።»

ገንዘቧን ይዛ ከባንክ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። የሰረቀች ይመስል ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ በጥድፊያ ሄደች፤ ቆርቆሮ ሠሪው ፊት ቆጥራ አስረክባ፣ ቀሪውን በሚመጣው ደሞዝ ልትከፍለው ተስማምታ፣ ሰኞ እንዲጀምር አስማለችው።

ማታ የኋላው ክፍል በር ላይ ስትቆም ሽማግሌው ሸሚዝ እያጠፉ ሻንጣቸው ውስጥ ይደረድሩ ነበር።

«ቆርቆሮ ሠሪው ሰኞ ይመጣል» አለቻቸው።

«ጎሽ! ባንኩ ምሕረት አደረገልሽ?»

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ካርታው አይደርስም።»

«የት ነው የማይደርሰው?»

«እርስዎ… ቶሎ አያልቅም ማለቴ ነው። ብዙ ዓመት ይፈጃል። ቤቱን የተረከብን ቀን ሳየው እፎይ እላለሁ ብለው ነበር። እኔ ላሳይዎት ነበር የፈለግኩት።»

ሽማግሌው የያዙትን ሸሚዝ ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ለዚህ ነው እንዴ ስትሮጪ የከረምሽው?»

የበሩን መቃን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገች።

«እኔ አፌ እንዳመጣልኝ የተናገርኩትን?» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ሞተሬ፣ ያን አውቶቡስ ሠላሳ ዓመት ነዳሁት። ሊብሬው በማን ስም ነበር?»

«በድርጅቱ ነዋ።»

«አንድ ቀን ዓይቼው አላውቅም። ወንበሩን ግን ገና በገባሁ ዕለት ለወገቤ አስተካክዬዋለሁ።»

«ታዲያ አይሂዱ።»

«እሄዳለሁ እንጂ! ሰውየው ጣሪያ ሲነቅል ከሥሩ ልተኛለት ነው?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ» አሉ ሸሚዙን እንደገና ማጠፍ እየጀመሩ፣ «የጣሪያው ነገር ይታያል።»

እሑድ ልጃቸው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኛቸው። የያዙት አንድ ፌስታል ብቻ ነበር። ትልቁ ሻንጣ በቀበቶ እንደታሰረ አልጋው ሥር ቀረ። ሊመለሱ ስለሆነ ነው የተዉት ወይስ ስለከበዳቸው ኋላ ሰው ልከው ሊያስወስዱት አስበው ይሆን፤ ሳምንቱን ሙሉ ይህን ስታወጣና ስታወርድ ሰነበተች። ሆስፒታል ውስጥ አንድን ሰውዬ «ትንፋሽ ይያዙ» ብላ «ይተንፍሱ» ማለቱን ረሳች፤ ሰውየው ፊቱ ቀልቶ እስኪያስል ድረስ።

ሐሙስ ሥራው አለቀ። ከሥራ ስትመለስ ቀጥታ ወደ ኋላው ክፍል ገባች። ክፍሉ አዲስ እንጨት አዲስ እንጨት ይሸታል። ባልዲው የለም። በርከክ ብላ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተችና ቀበቶውን ፈታች። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያወጣች ቁምሳጥኑ ውስጥ መስቀል ጀመረች።

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ አያት። «ሲመጣ ራሱ ያወጣው የለም እንዴ?»

«መጥተው የታሰረ ሻንጣ እንዲያዩ አልፈልግም።»

እሱም ተንበርክኮ ጫማዎቹን ማውጣት ጀመረ። «ባንክ ምን አሉሽ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ቁጥሩን ታውቀዋለች። «በውሉ ቀን» አለች ብቻ። አባቱ ያን ጊዜ ስንት ዓመታቸው እንደሚሆን እሱም ሳያሰላው አልቀረም፤ የያዘውን ጫማ ማሰሪያ ሲያስገባና ሲያወጣ ቆየ።

ውጭ ነፋስ ተነሳ፤ አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሁለቱም ቀና አሉ። እሷ ተነስታ ከአልጋው ራስጌ አጠገብ፣ ድሮ ያንጠባጥብ በነበረው ቦታ ልክ፣ መዳፏን ዘረጋች።

«ትንፋሽሽን ይዘሻል እኮ» አላት ባሏ። «ተንፍሺ።»

«ቆይ» አለች እጇን ሳታወርድ፤ «ገና ካፊያ ነው። ጠንከር ይበል።»