ወደ የብስ የማይወርድ ወሬ

ድልድዩ የተመረቀ ቀን ሚኒስትሯ ሪባን ቆረጡ፣ የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ዝናብ እየወረደበት ነፋ፣ ሰው ሁሉ በእግሩ እየተሻገረ ፎቶ ተነሣ። እኔም ተሻገርኩ። መሐሉ ላይ ቆሜ ቁልቁል ባሕሩን አየሁት። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምንም አልተሰማኝም። አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ «ምን ተሰማዎት?» አለኝ። «ጫማዬ ውሃ አስገብቷል» አልኩት። ጋዜጣው ላይ አላወጣውም።

ወንድሜ አስጌር ከሚስቱ ከቶርዲስ ጋር ከፊቴ እየሄደ ነበር። አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል። በነሐሴ፣ በበጋ መሐል፣ ሻርፕ! ለምን እንደጠመጠመው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ጠጋ ብዬ ልጠይቀው ግን አልቻልኩም። የቆምነው መርከብ ላይ አልነበረማ።

ከእኛ ደሴት ከሄልዶይ ማዶ ወዳለችው ከተማ ወደ ነስቪክ መኪናና ሰው የምታሻግር አንዲት መርከብ ነበረችን። ጠዋት የሚሳፈረውም ማታ የሚመለሰውም ያው ሰው ነው። እኔ ወደ ፋርማሲዬ፣ አስጌር ወደ ዓሣ ማቀነባበሪያው። ያለችው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ የተኳረፈም የተካሰሰም እዚያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ማንም ያልጻፈው ሕግ ነበረን፤ መርከቧ ላይ የተወራ ነገር ወደ የብስ አይወርድም። ቄሱ በድንበር ከከሰሳቸው ጎረቤታቸው ጋር ካርታ ይጫወታሉ። የተፋቱ ባልና ሚስት አንድ ጋዜጣ ተካፍለው ያነባሉ። የመርከቧ አፍ ተከፍቶ መኪኖቹ መውረድ ሲጀምሩ ሁሉም ወደየኩርፊያው ይመለሳል። አንድ እንግዳ መምህር እዚያ የሰማውን ነገር ሱቅ ውስጥ አነሣው፤ ከዚያ በኋላ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ፣ እስኪዛወር ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ተሻገረ።

እኔና አስጌር የብስ ላይ ከተኳረፍን ስድስት ዓመት አልፎናል። አባታችን ሲሞት እርሻው ለእሱ ደረሰው፤ ታላቅ እሱ ነው፣ በዚያ ቅር አላለኝም። ባሕሩ ዳር ያለው የጀልባ ቤት ግን የእኔ ነበር። አባቴ በአፉ ሰጥቶኛል፣ አስጌርም ቆሞ ሰምቷል። ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ በዚያ ያልፋል ሲባል አስጌር ሳይነግረኝ ፈረመ። ማሽኑ የጀልባ ቤቱን ሲያፈርሰው በመርከቧ መስኮት አየሁ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «ስቬለሽ ቀዘቀዘ» አለኝ። ቅቤና ስኳር ያለበትን ያን ወፍራም ቂጣ አንሥቼ በላሁ። ከመርከቧ እንደወረድን ደጃፍህን አልረግጥም አልኩት፤ እውነትም አልረገጥኩም። በማግሥቱ ጠዋት መርከቧ ላይ ቦታ ይዞ ጠበቀኝ።

ሚያዝያ ላይ ነው የነገረኝ። ሞልፍሪድ፣ ስቬለ የምትሸጠው ሴትዮ፣ ባንኮኒዋን እየወለወለች ነበር።

«ጉንቮር፣ እስቲ እዚህ ጋ ንኪኝ» አለና ጣቴን ይዞ አንገቱን አስነካኝ። ጠጠር ያለ እብጠት ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ዶክተሯ ሆስፒታል ሂድ ትለኛለች።»

«ታዲያ ሂዳ!»

«እሄዳለሁ። ድልድዩ ይከፈት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ድልድዩን ካንተ አንገት ጋር ምን አገናኘው?»

«አንቺ ደሞ አይገባሽም። በሥራ ቀን የእሁድ ኮቴን ለብሼ እዚህ ብቀመጥ አገር ሁሉ ምን ሆኖ ነው ሊል ነው። በድልድይ ግን ሹልክ ብዬ ሄጄ፣ ሹልክ ብዬ እመጣለሁ። ማን ያየኛል?»

«ቶርዲስስ?»

«ቶርዲስ አታውቅም። እንዳታውቅም።» ጣቱ ላይ የቀረውን ስኳር ላሰ። «የመርከብ ወሬ ነው፣ አይደል?»

«የመርከብ ወሬ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ነዘነዝኩት። ገና ሳልቀመጥ እጀምረዋለሁ። «በጎቹ ወልደው ይጨርሱ» ይላል። ወልደው ሲጨርሱ «ጸጉራቸው ይሸለት» ይላል። «ስትሞት እኮ በጎችህን ሸጬ ቀይ መኪና ነው የምገዛው» አልኩት አንድ ቀን። «ቀይ አያምርብሽም» አለኝ። እንሳሳቅ ነበር። ግን በየጠዋቱ ስጠይቀው በየጠዋቱ ሰበብ መፈለግ ነበረበት፤ ሐምሌ ላይ ሰበቡ ሁሉ አለቀበት። «በቃ፣ ድልድዩ የተከፈተ ሳምንት እሄዳለሁ፤ አሁን ተይኝ» አለ። አመንኩት።

ድልድዩ ተከፈተ፣ መርከቧም ወደ ሌላ የባሕር ዳር አገር ተላከች። ሞልፍሪድ ልጇ ጋ ሄደች። እኛ እያንዳንዳችን በየመኪናችን ሆነን መሻገር ጀመርን። አንዳንድ ጠዋት ከአስጌር ጋር ድልድዩ ላይ እንተላለፋለን፤ ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛውሯል፤ እሱ ጨርሶ ሲመለስ፣ እኔ ስሄድ። አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ያነሣል፣ እኔም አንድ ጣቴን አነሣለሁ። ሻርፑ አለ። ሄዷል ወይስ አልሄደም? ጣት ይህን አይናገርም። የሚጠይቀው ሰው እንደሌለ ሳስብ ልደነግጥ ይገባኝ ነበር፤ አልደነገጥኩም። ሰው መድኃኒት ሲጠይቀኝ እሰጣለሁ። ቤቴ ስገባ ጫማዬን አወልቅና እቀመጣለሁ። ስልኩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። የእሱ ቤት ደግሞ ከመስኮቴ ይታያል፤ መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ አያለሁ። መስከረም በዚህ ሁኔታ አለቀ።

ጥቅምት ላይ መኪናውን ድልድዩ ላይ ማየት አቆምኩ። አንድ ቀን ፋርማሲውን በጊዜ ዘጋሁና ወደ ቤቴ ሳልታጠፍ ቀጥ ብዬ ወደ እርሻው ነዳሁ። ቆርጬ ተነሥቼ ነው ብል ውሸት ነው። እጄ መሪውን አላጠፈውም፣ ያ ብቻ ነው።

ቶርዲስ ግቢው ውስጥ የበጎቹን አጥር በመዶሻ እየመታች ነበር። አየችኝና አልተገረመችም።

«በሰላም ነው?» አለች።

«ቶርዲስ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። መርከብ ላይ የሰማሁት ነው።»

ምስማሩን መታ መታ አደረገችው። «አንገቱን ነው?»

«ታውቂያለሽ እንዴ?»

«ከግንቦት ጀምሮ። ለመዝሙር ልምምድ ስሻገር ሞልፍሪድ ነገረችኝ። እናንተ ስታወሩ ሰምታ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም ትያለሽ? ሚስቱ አይደለሽም?»

«የት ነው የነገረችኝ?» አለች ቶርዲስ።

መርከቧ ላይ ነዋ።

«አንድ አልጋ ላይ ተኝቼ ሲያስል እሰማዋለሁ» አለች። «እሱ ይነግረኛል ብዬ እጠብቃለሁ። በጋውን በሙሉ፣ ና እስቲ ነስቪክ ደርሰን እንምጣ እለው ነበር፤ መርከቧ ላይ ቁጭ ካልን ያወጣዋል ብዬ። በጎቹን ምን ላድርጋቸው አለኝ። አሁን ደሞ መርከቧም የለችም።» አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች። «ቄሱም ያውቃሉ። ካፒቴኑም ያውቅ ነበር። ደሴቱ ላይ የማያውቅ የለም፤ ማወቃችንን የማያውቀው አስጌር ብቻ ነው።»

ልስቅ ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። ማልቀስም ሞከርኩ፤ እሱም አልመጣም። ይሄ ሰውዬ ማንም እንዳያየው ድልድይ ሲጠብቅ፣ ያ ሁሉ ሰው አውቆ ዝም ብሎት ኖሯል። እንዲህ ያለ ጨዋነት ጥርግ ይበል! በዚያች ሰዓት ሁላችንንም ጠላሁ፣ እኔን አስቀድሜ።

መዶሻውን አስቀመጠች፣ ገባን። አስጌር ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሾርባ ፊቱ አድርጎ ተቀምጧል፤ ሾርባው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ሻርፑን አውልቆት ስለነበር አንገቱን አየሁት። ሚያዝያ ላይ የነካሁት አልነበረም።

እኔን ሲያይ «ማን ሞተ?» አለ። ድምፁ ሻክሯል።

«እስካሁን ማንም» አለች ቶርዲስ። «ኮትህን ልበስ።»

«የቱን?»

«የእሁዱን።»

ዓይኑን ከእሷ ወደ እኔ አዞረ። ተቆጥቶ ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠና ኮቱን ሊያመጣ ሄደ።

የሆስፒታሉን ቀን አላረዝመውም። ምርመራ ነበር፣ መጠበቅ ነበር፣ ሌላ ምርመራ ነበር። ሐኪሟ አስጌርን ብቻውን አስገባችው። በሩ በደንብ አልተዘጋም፤ «ሚያዝያ ላይ መጥተህ ቢሆን» ስትል ሰማኋት። ቶርዲስም ሰማች። ሁለታችንም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእጅ አስተጣጠብ ማስታወቂያ ስናነብ ቆየን።

ስንመለስ እኔ ነዳሁ፣ እሱ ከፊት፣ ቶርዲስ ከኋላ። ነስቪክን አለፍን። ድልድዩ ላይ ስንወጣ፣ ውሃው ልክ እንደ መርከቧ በሁለቱም በኩል ሲታይ፣ አስጌር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐኪሟ እንደነገረችኝ ከሆነ…» ብሎ ጀመረ። ድልድዩ አለቀ። አፉን ዘጋ።

ሄልዶይ በኩል አደባባይ አለ። ዞርኩና ተመልሼ ድልድዩ ላይ ወጣሁ።

«መንገዱ ጠፋሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ ጠፋኝ።» ደሴታችን ላይ ያለው መንገድ አንድ ነው።

«ሳንባዬ ላይ ደርሷል» አለ። «ሰኞ መድኃኒት ይጀምሩልኛል። ያድናል አላለችም። ጊዜ ይሰጣል ነው ያለችው።» ከዚያ ነስቪክ ደረስንና ዝም አለ። እንደገና ዞርኩ።

በሦስተኛው ዙር ስለ ጀልባ ቤቱ አነሣ። የመንገድ ሥራው ሰዎች ቢሯቸው አስገብተው ቡና ቀዱለት፣ ብዕር አቀበሉት፣ ሁሉም ቆመው ያዩት ነበር። «እንቢ ማለት አቃተኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ጉንቮር። የአንቺ እንደሆነማ አውቅ ነበር።» ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ የከፋ ነገር ስጠብቅ ነበር። «እሺ» አልኩት። ሌላ ቃል አላገኘሁም። ሄልዶይ ደረስን፤ ዞርኩ። እሱ እስኪጀምር ድረስ ነስቪክ ደርሼ ደግሜ ዞርኩ። ከኋላችን የነበረ መኪና ጡሩንባ ነፋብን።

ወደ ቤታችን በኩል እየሄድን፣ መሐሉ ላይ፣ «ፈርቻለሁ» አለ። ዓይኑ ውጭ ውጭ ያያል። «ሌሊት ስነቃ ቶርዲስን ልቀሰቅሳት እፈልግና እተወዋለሁ። ምን ብዬ ነው የምቀሰቅሳት?»

«ቀስቅሰኝ» አለች ቶርዲስ ከኋላ። «እኔ እኮ ተኝቼ አላውቅም።»

አስጌር ወደ ኋላ ዞሮ አያት። ከዚያ ማውራት ጀመረ፤ እንዴት ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ በጎቹን ለማን እንደሚተዋቸው፣ ሲቀበር የትኛው መዝሙር እንዲዘመር እንደማይፈልግ። ቶርዲስ ትመልስለታለች፣ ትከራከረዋለች፣ አንድ ጊዜም ሰደበችው። ድልድዩ አለቀ። አደባባዩ ደረሰ። እሱ ግን አላቆመም።

መሪውን ወደ ቤት አጠፍኩት። የብስ ላይ መሆናችንን እንዳይነቃ ፍጥነቴን ቀንሼ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸሁ ነዳሁ።  ግቢው ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ማናችንም በር አልከፈትንም። አስጌር አሁንም እያወራ ነበር።